የግንድ ጉጠት፦ ለትራክተር ሎደር ተቀጥላ የቀረበ ስያሜና የአመራረጡ ጉዳይ

ግራፕል በትራክተር ሎደር ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ በሃይድሮሊክ ማለትም በግፊት በሚላክ ዘይት ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ግንድን ከላይና ከታች ይዞ ለማንሳት፣ ለማጓጓዝና ለመደርደር የሚያገለግል የብረት መያዣ ነው። ሎደር ሲባል በአዲስ አበባ ነዋሪ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አሸዋና አፈር የሚዝቀው ባለ ትልቅ ባልዲ ማሽን ቢሆንም፣ እዚህ የተፈለገው በእርሻ ትራክተር ፊት ላይ የሚታሰረውና በሁለት ክንዶች የሚሠራው የማንሻ መሣሪያ ነው። የክንዶቹ ጫፍ ባልዲን፣ ሹካን ወይም ሌላ መሣሪያን እያፈራረቀ ሊይዝ ስለሚችል፣ እነዚህ ተፈራራቂ መሣሪያዎች በወል ስማቸው ተቀጥላ ሊባሉ ይገባቸዋል። ከተቀጥላዎቹ አንዱ የሆነው ግራፕል እስካሁን በባዕድ ስሙ ሲጠራ በመቆየቱ፣ በዚህ ጽሑፍ የግንድ ጉጠት የሚል ስያሜ ቀርቦለታል።

ጉጠት ብረት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት ከፍም ውስጥ የሚያወጣበትና በመስፍ ላይ አጥብቆ የሚይዝበት ባለ ሁለት መንጋጋ መሣሪያ ነው። ስያሜው የተመረጠው ቅርጹ ስለሚመሳሰል ብቻ ሳይሆን የሥራው ጠባይ አንድ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱም በእጅ ቢያዝ የሚጎዳን ነገር በሁለት ተቃራኒ መንጋጋዎች መካከል አጣብቀው ይይዛሉ፣ ሁለቱም የሚይዙበትን ኃይል የሚያገኙት ከመንጋጋው ርቆ ከሚገኝ ቦታ ነው። ጥፍር፣ ጨባጭ እና መንጋጋ የሚሉትም ቃላት ሊታሰቡ የሚችሉ አማራጮች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጥፍር መቧጠጥን እንጂ መያዝን አያመለክትም፣ ጨባጭ ከመሣሪያ ይልቅ ለሰው ይቀርባል፣ መንጋጋ ደግሞ የመሣሪያው አንድ ክፍል ስም ቢሆን ይሻላል። በዚህ መሠረት ከታች ግንዱን የሚቀበለው ሹካ፣ ከላይ ወርዶ የሚያጣብቀው መንጋጋ፣ ሁለቱ ተጣምረው የሚሠሩት ዕቃ ጉጠት ይባላል ማለት ነው። አማርኛ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ከነበሩት ቃላት ስም ማበጀት ልማዱ ሲሆን፣ ለዚህም ስያሜው ከሚውልበት ሥራና ከሚውልበት ስፍራ ሁለት ምስክሮች ይገኛሉ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሀገሪቱ የገባው ዛፍ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ታይቶ ባሕር ዛፍ ተብሏል፤ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው መገናኛም ንፋስ ስልክ ተብሎ፣ ይኸው ስም ዛሬ በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል።

ጉጠቱ በዚህ ክፍለ ከተማ የሚኖረው ቦታ የሚታወቀው በአካባቢው የሚነሳው እንጨት በዓይነት ሲለይ ነው። በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በሃና ማርያም ባለፉት ሃያ ዓመታት የግንባታ ሥራ ሲስፋፋ፣ ለመወጣጫና ለአርማታ መደገፊያ የሚውለው የባሕር ዛፍ አጣና ዋነኛ የእንጨት ሸቀጥ ሆኗል። አጣና ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ ጫኝና አውራጁ በትከሻው ተሸክሞ ከአይሱዙ ላይ ያወርደዋል፤ ለዚህ ሥራ ጉጠት መግዛት ብዙም ትርጉም የለውም፣ ምክንያቱም ክብ መንጋጋ ብዙ ቀጫጭን አጣናዎችን በአንድ ጊዜ ሲያጣብቅ የዳሮቹ ሲጠብቁ የመሃሎቹ ይላላሉ፣ የላሉትም በጉዞ ላይ ይሾልካሉ። አጣና በገመድ ወይም በሽቦ ታስሮ በሹካ ቢነሳ ይበቃዋል። ጉጠት የሚያስፈልገው ለግንድ ነው፤ ግንድ ሲባልም ለጣውላና ለሞራሌ የሚሰነጠቀው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሳው የማይችለው፣ ሲያንከባልሉት እግር ላይ የሚወጣው ወፍራም እንጨት ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው ግቢና አጣና ብቻ የሚሸጥ ግቢ አንድ ዓይነት ተቀጥላ ሊገዙ አይገባም።

ምርጫው መጀመር ያለበት ከተቀጥላው ሳይሆን ከግንዱ ክብደት ሲሆን፣ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ በመሆኑ ነገሩ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በደጋ የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ ገና እንደተቆረጠ፣ ውኃው ሳይወጣለት፣ አንዱ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ያህል ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ በደንብ ሲደርቅ ከክብደቱ ጉልህ የሆነ ክፍል ሊያጣ ይችላል። በእርጥቡ ሒሳብ ብንሄድ፣ 4 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ማለትም በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲሜትር የሚለካ ግንድ 125 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ርዝመቱ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲሜትር ሲደርስ ክብደቱ ወደ 280 ኪሎ ግራም፣ 40 ሳንቲሜትር ሲደርስ ደግሞ ወደ 500 ኪሎ ግራም ያድጋል። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በዓይን ሲታይ «ትንሽ ወፈር ያለ» የሚመስለው ግንድ ለማሽኑ ፈጽሞ የተለየ ሸክም ነው። ከዓይን ግምት ይልቅ አንድ ሜትርና አንድ ስሌት ብዙ አደጋ ያስቀራሉ።

ከግንዱ ቀጥሎ የሚታየው የሎደሩ የማንሳት አቅም ነው። አምራቾች ይህን አቅም በሚያወጡበት ጽሑፍ ላይ የሚሰፍረው ትልቁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተለካው ተቀጥላው በሚታሰርበት ፒን ላይ ነው፤ ግንዱ ግን የሚቀመጠው ከፒኑ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ነው። ሸክሙ ከፒኑ በራቀ መጠን ክንዱ የሚያነሳው እያነሰ ስለሚሄድ፣ አንዳንድ አምራቾች ከፒኑ 80 ሳንቲሜትር ወደ ፊት የተለካውን ሁለተኛ ቁጥር ጨምረው ይሰጣሉ፤ ገዢ ሊያምን የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ነው። የተቀጥላው የራሱ ክብደትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ለምሳሌ በፒኑ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም፣ ከፒኑ ፊት ለፊት ደግሞ 750 ኪሎ ግራም የሚያነሳ ሎደር 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጉጠት ቢገጠምለት፣ ለእንጨቱ የሚቀረው 500 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰው የ40 ሳንቲሜትር ግንድ አንዱ ማለት ነው፣ ያውም ምንም መጠባበቂያ ሳይተው። ከዚህ የሚገኘው ውጤት ብዙዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው፦ በአነስተኛ ትራክተር ላይ ግዙፍ ጉጠት መግጠም የሚነሳውን እንጨት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ክፍለ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ መገኘቱ ለዚህ ጉዳይ የሚያመጣው ለውጥ አንዳንዴ በስህተት ይተረጎማል። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሎደሩን የማንሳት አቅም የሚወስነው ግን የዘይቱ ግፊትና የሲሊንደሩ ስፋት ስለሆነ፣ ከፍታው የሥራውን ፍጥነት እንጂ የሚነሳውን ክብደት ያን ያህል አይነካውም። ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበው አፈሩ ነው። በደቡባዊው የከተማው ክፍል ብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት እየለሰለሰ ጎማን የሚውጥ በመሆኑ፣ ከፊቱ ግማሽ ቶን የተሸከመ ትራክተር የፊት ጎማው በአንድ ወገን ቢሰምጥ ሸክሙ ከፍ ብሎ ከነበረ ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ጉጠት የሚገጠምለት ትራክተር ከኋላው የማመዛዘኛ ክብደት ሊታሰርለት፣ ሲጓዝ ግንዱን ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ ሊይዝ፣ መደርደሪያውም ጠጠር በፈሰሰበትና በተደለደለ መሬት ላይ ሊሆን ይገባል። ለኦፕሬተሩ ከመገልበጥ የሚከላከል የብረት ቋትና ከላይ ከሚወድቅ ነገር የሚጠብቅ ጣሪያ ማስፈለጉ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ክብ ነገር በባልዲ ወይም መንጋጋ በሌለው ሹካ ከፍ ብሎ ሲነሳ በክንዶቹ ላይ ወደ ኋላ ተንከባልሎ ሾፌሩ ላይ ሊወድቅ መቻሉ፣ ጉጠትን ከሹካ የሚያስመርጠው ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ነው፤ ከሥራ ፍጥነትም ከወጪም በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

ጉጠቱ እንዲሠራ ትራክተሩ ሦስተኛ የሃይድሮሊክ መስመር ያስፈልገዋል። የተለመደው ሎደር ሁለት ተግባራት ብቻ አሉት፤ አንደኛው ክንዱን ማንሳትና ማውረድ፣ ሁለተኛው የጫፉን መሣሪያ ማዘንበልና ማቅናት ነው። መንጋጋውን መክፈትና መዝጋት ሦስተኛ ተግባር ስለሆነ የራሱ ሁለት ጎማ ቱቦዎችና የራሱ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይፈልጋል፤ ይህ የሌለውን ትራክተር ገዝቶ ጉጠቱን ለብቻው ማዘዝ ብረቱን ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። በ180 ባር ግፊት የሚሠራ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሲሊንደር ከ3.5 ቶን በላይ ይገፋል፤ በመንጋጋው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ግንድ ለመያዝ ይተርፋል። ስለሆነም ገዢው መጠየቅ ያለበት የመያዝ ኃይሉ ስንት ነው ብሎ ሳይሆን፣ ቱቦው ቢፈነዳ መንጋጋው እንዳይከፈት ዘይቱን አግዶ የሚያስቀር ቫልቭ አለው ወይ ብሎ ነው። ማያያዣውም መታየት አለበት፤ የትራክተር ሎደሮች ማያያዣ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ፒኑና መንጠቆው ሳይገጣጠም የመጣ ተቀጥላ በአካባቢ ብየዳ ቤት ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ይዛባል።

በብየዳ ቤት ሙሉውን ጉጠት ማሠራትም የሚቻል ነገር ነው፣ የከተማው ባለሙያዎችም ክፈፉን ለመሥራት ችሎታ አያንሳቸውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሹካው ጥርሶች ላይ ነው፤ ጥርሶቹ በየቀኑ የሚደጋገም መታጠፍ ስለሚደርስባቸው ለሹካ ተብሎ ከተቀጠቀጠ ጠንካራ ብረት ሊሠሩ ይገባል እንጂ ለአርማታ ከሚውል ፌሮ ተበይደው ሊሠሩ አይገባም። ያገለገለ የፎርክሊፍት ሹካ፣ ስንጥቅ እንደሌለበት ተፈትሾ፣ ለዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ነው።

በግንባታ ቦታዎች የሚሠሩትና ከኋላቸው መቆፈሪያ ያላቸው ሎደሮች አንዳንዶቹ ከፊት ለሁለት የሚከፈት ባልዲ አላቸው፤ ይህ ባልዲ ተከፍቶ ሲዘጋ ግንድን አጣብቆ ሊይዝ ስለሚችል፣ በወር ጥቂት ቀን ብቻ ግንድ ለሚያነሳ ግቢ እንዲህ ያለውን ማሽን መከራየት ጉጠት ከመግዛት ይበልጣል። በክሬን ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሽከረከረው ጉጠት ግንድን በቁመቱ አዙሮ ከፍ ባለ የሲኖትራክ አካል ላይ ለመደርደር የሚመች ቢሆንም፣ ዋጋውና ጥገናው ለሰፊ የደን ሥራ እንጂ ለከተማ ግቢ የሚስማማ አይደለም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ላለ የእንጨት መሰንጠቂያ የሚመጥነው እንግዲህ ሹካው ከታች፣ አንድ መንጋጋው ከላይ የሆነ፣ ሳይሽከረከር የሚሠራ ቀላል የግንድ ጉጠት ነው። አጣና ብቻ የሚሸጥ ደግሞ ሹካ ይግዛ። ሁለቱም በግዢ ሰነዳቸው ላይ የትልቁን እንጨታቸውን ዲያሜትርና ርዝመት፣ የትራክተሩን የማንሳት አቅም ከነመለኪያ ቦታው፣ የማያያዣውን ዓይነት፣ ጉጠት የሚገዛው ደግሞ የሦስተኛውን የሃይድሮሊክ መስመር መኖር በግልጽ አማርኛ አስፍረው ይዘዙ።