የሐይቅ ጥበቃና የገበሬ መሪዎች ሥልጠና በአዳሚ ቱሉ አካባቢ

ሐይቆች ሲጎድሉ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሕዝቡ ንቃት ማነስ ይሳበባል፤ መድኃኒቱም በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ነው ይባላል። ሥልጠና አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ የአዳሚ ቱሉ አካባቢ ታሪክ ሲመረመር፣ ከሕዝቡ መካከል እየተመረጡ የሚሠለጥኑ መሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ታጥተው እንደማያውቁ ይታያል። የታጣው ሐይቁን ራሱን በአደራ የሰጣቸው ነው።

አዳሚ ቱሉ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ቀጥላ ትገኛለች። የዝዋይ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ደምበል፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ2.5 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለሆነም ጥቂት የውሃ መቀነስ እንኳ ዳርቻውን አርቆ ያሸሸዋል። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የከታር ወንዝ ከአርሲ ደጋ እየወረዱ ይመግቡታል። ከእርሱ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ በአዳሚ ቱሉ አጠገብ በማለፍ ወደ አብጃታ ሐይቅ ይገባል። አብጃታ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው ከላይ በሚለቀቅለት ነው።

በቀድሞው አስተዳደር ይህ አንድ ውሃ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የምዕራቡ ዳርቻ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ከሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ የምሥራቁ ደግሞ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት ከጭላሎ አውራጃ ይቆጠር ነበር። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአሰላ ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ሞዴል ገበሬ የተባለውን አሠራር አስፋፋ። ሞዴሉ ገበሬ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም፤ ከጎረቤቶቹ መካከል ተመርጦ የተሻለውን ዘርና ማዳበሪያ በገዛ ማሳው ላይ የሚያሳይ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲማር የተደረገበት ይህ ዘዴ ምርትን ከፍ አድርጓል። የሥልጠናው ወሰን ግን ማሳው ነበር። በከታር ተፋሰስ የሚታረሰው መሬት እየሰፋ ሲሄድ፣ ወንዙ የት እንደሚደርስና ምን ይዞ እንደሚደርስ የመከታተል አደራ ለሞዴሉ ገበሬ አልተሰጠውም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ ጊዜ ነው። ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሆነ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ተወሰነ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ገበሬውን በማደራጀት ተካፈሉ። አዋጁ ለማኅበራቱ ከሰጣቸው ተግባራት አንዱ የአካባቢያቸውን አፈር፣ ውሃና ደን መጠበቅ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ውሃን አልዘነጋም። ነገር ግን በ800 ሄክታር ክልል የተመረጠ ሊቀ መንበር የ440 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ሊጠብቅ አይችልም። ማኅበሩ መሬት ይከልላል፤ ውሃው ግን ከክልል ክልል ያልፋል።

የዚህ ክፍተት ዋጋ በመጀመሪያ የታየው በግርጌ ባለው በአብጃታ ነው። ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ወንዞችና ከሐይቁ የሚጠለፈው የመስኖ ውሃ እየበዛ ሲሄድ በቡልቡላ የሚወርደው ቀነሰ፤ በ1980ዎቹም ከአብጃታ ውሃ እየተሳበ ሶዳ አሽ ማምረት ተጀመረ። በ1960ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው ሐይቅ ከጊዜ በኋላ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጣ። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው ጠፋ፤ በሻላ ሐይቅ ደሴት እየፈለፈሉ ከአብጃታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ይብራዎችም ገበታቸው ተነጠቀ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በዝዋይ ዳርቻ ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች ተተከሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፈጽሞ መድረቁ፣ በኋላ ውሃው ቢመለስም፣ እንዲህ ያለው መጨረሻ ከግምት ያለፈ መሆኑን አስተምሯል።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በነጻ ጉልበት የሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ የሕዝቡን ፈቃደኝነት ዳግመኛ አስመስክሯል። እርከን የሠራው ገበሬ ደለል እንዳይወርድ በማድረጉ ለሐይቁም ውለታ ውሏል። በሕግ በኩልም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ውሃ በወረዳ ሳይሆን በተፋሰስ መተዳደር እንዳለበት ተቀብሏል። የቀረው ይህ መርሕ ወደ ሥልጠናው መውረዱ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አገሮች ዓሣ አጥማጆች፣ የጀልባ ባለቤቶችና ነጋዴዎች በየዓሣ ማውረጃው ኮሚቴ እንዲመርጡ ተደርጓል። ኮሚቴው በሕግ የታወቀ ስለሆነ ተመራጩ ምን እንደሚጠብቅና እስከ የት እንደሚያዝ ያውቃል።

በዝዋይም ቢሆን የከታር አራሽ፣ የመቂ አትክልት አምራች፣ የደሴቶቹ የዛይ ዓሣ አጥማጅና የቡልቡላ ከብት አርቢ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ሊሠለጥኑ ይገባል። የውሃ ከፍታ መለኪያን ማንበብ፣ የቆሮሶን የመራቢያ ወራትና ሥፍራ ማወቅ፣ የመረብን ዓይን ስፋት መመርመር፣ የዳርቻውን ደንገል ከእርሻ መከለል ማንኛውም ገበሬ በአጭር ጊዜ የሚማራቸው ሥራዎች ናቸው። የሚያየውን ጉድለት የሚያቀርብበትና የሚደመጥበት ሥልጣን ያለው አካል ካልተሰጠው ግን፣ በጎ ፈቃደኛው የሐይቁን መጉደል ቆጣሪ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ሥልጠናውን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሠልጣኞቹን ከመጥራቱ በፊት የሚሰጣቸውን አደራና ሥልጣን ለይቶ ማስወሰን ይኖርበታል።