የዘር ቆጠራና የሆድ ሕመም

በኒውዚላንድ አንድ የማኦሪ ቤተሰብ በ30 ዓመት ውስጥ ከ25 በላይ ሰው በጨጓራ ካንሰር ቀበረ። እርግማን ነው ያሉ ነበሩ። ቤተሰቡ ግን ራሱ ተመራማሪ ፍለጋ ወጣ፤ የዘር ሐረጉንም ቆጥሮ ሰጠ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሲዲኤች1 የተባለው ዘረመል ጉድለት ተገኘ። ጉድለቱ ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ያልወረሰው ከዚህ ስጋት ያርፋል፤ የወረሰው ይመከራል፦ በኢንዶስኮፒ መከታተል፣ ወይም ሳይታመም ጨጓራን ማስወጣት። ከባድ ምርጫ ነው።

ወደ ባሌ ልምጣ። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛባቸው አገሮች ናቸው። አባት፣ ከዚያ ልጅ ሲሞት «ዘራቸው ነው» ይባላል፤ ይህ ወሬ ቤት ያፈርሳል። አንድ ቤት የሚጋራው ግን ደም ብቻ አይደለም፤ የሚፋጅ ገንፎና የምድጃ ጭስም አለ። የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰርም ለየቅል ናቸው። ይህን መለየት ነው የዘረመል ምክር ሥራ።

ሥራው የሚጀምረው ደግሞ ከላቦራቶሪ በፊት ነው። የባሌ ሽማግሌ አባቶቹን ወደ ኋላ ሲቆጥር አይደክምም (የእናት ወገን ይዘለላል እንጂ፤ ጉድለቱ በእናትም ይመጣል)። ስማቸውን እናውቃለን። በምን ሞቱ ሲባል «ሆዱን ታሞ» ብለን እናልፋለን። ጎባና ሮቤ ያላችሁ የጤና ተማሪዎች፣ ስትጠይቁ የሕመሙን ዓይነትና የሞቱበትን ዕድሜም ጻፉ፤ የአክስቶቹንም ጭምር።