በጣርማ በር–ሸዋ ሮቢት መንገድ የሚያጋጥሙ የተሽከርካሪ ብልሽቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርድና 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገባል። በሚያዝያ 1928 የወራሪው የጣሊያን ጦር አዛዥ የባዶሊዮ ሠራዊት ከደሴ ሲመጣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ከነመኪናዎቹ ለመቆም ተገዶ ነበር። የዛሬው ሾፌር የሚቆመው በአመዛኙ በሙቀት ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የሚግለው ፍሬን ነው። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ ወደ 49 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው አብዛኛው ታምቡርና ሸራ ላይ ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ከንቱ ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጅ ያቋርጣሉ፣ በፎሌ ግን ያቃጥላሉ።

ጥፋቱን የሚናገረው ፔዳሉ ነው። ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ሸራው ግሏል፤ የተቃጠለ ሽታም ይመሰክራል። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ዝቅተኛው ልክ 140 ዲግሪ ነው። አታላዩ ነገር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳ ተበልቶ እስኪጨረስ ፍሬኑ ቀዝቅዞ እንደ ጤነኛ መያዙ ነው፤ ዘይቱ ካልተቀየረ በሚቀጥለው ቁልቁለት ያው ይደገማል። ቀዝቅዞም ከለሰለሰ አየር ገብቷል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። በንፋስ ፍሬን ደግሞ ታምቡሩ በሙቀት ሲሰፋ ሸራው ስለሚርቀው የግፊት ዘንጉ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ የሸራው ክፍተት አስቀድሞ ካልተስተካከለ ዘንጉ መጨረሻው ደርሶ ፍሬኑ ሳይይዝ ይቀራል።

ሽቅብ ሲሆን ተራው የራዲያተር ነው። ጣርማ በር ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህን የሚያዘገየው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ የሚፈተሸው የክዳኑ ጎማ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከደፈቀ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላ አልቀረም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ዳገቱ አናት ላይ ጥቁር ቢያጨስ አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ጭሱ ሸዋ ሮቢት ወርዶም ካልጠራ ግን የነዳጅ ፓምፑን ከመፍታት በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ይቀድማል።