የደራርቱ ቱሉ ሁለት ወርቆች

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የአርሲ በቆጂዋ ተወላጅ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትርን ሩጫ በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሴኮንድ ፈጽማ ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች። ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋርም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ይሁንና የዚህች ስፖርተኛ የሙያ ታሪክ ክብደቱ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ላይ ነው። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ አራተኛ ወጣች፤ ቀጥሎም ልጅ ወለደች። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ግን በሲድኒ ያንኑ ርቀት በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሴኮንድ ሮጣ ወርቁን ደገመች። ይህም ከባርሴሎናው ሰዓቷ በ48 ሴኮንድ ተኩል ያህል የፈጠነ ነበር። በ2002 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች።

እናትነት የሴት ስፖርተኛ ሙያ ማብቂያ ነው ለሚል ሁሉ የሰዓቱ መዝገብ በቂ መልስ ነው።