በቅሎ ከአራዳ፣ ሞተር ከየት?

ባለፈው ቅዳሜ ጊዮርጊስ አካባቢ ማኪያቷችንን ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ፈረንጅ ጠጋ ብሎ ጠየቀን። ሞተር ሳይክል የሚገዛው የት ነው? ከዚህ ተነስቶ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ሊወርድ አስቧል። ሳቃችን መጣ። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ ከተሰጣቸው ድርጅቶች በቀር ሞተር በአዲስ አበባ እንዳይነዳ መከልከሉን ነገርነው። ሊብሬው፣ ታርጋው፣ የጠረፉ ወረቀት እያልን ስንቆጥርለት ፊቱ ጠቆረ። አመስግኖን ሄደ።

እኛን ግን አንድ ነገር ከነከነን። ሰውየው ከመቶ ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ ሰፈሩን አልሳተም ነበር!

ፒያሳ ገና ፒያሳ ሳትባል፣ ጣልያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ሳይወስደው፣ የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ዋናው ቀንም ቅዳሜ። ጨው፣ ቡና፣ ማር፣ በርበሬ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ፈረስና በቅሎ ይሸጥበታል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት እዚያው ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1896 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር ሊዋዋል የመጣው አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነርም ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ የዘለቀው በበቅሎና በግመል ነው። ባቡሩ ከገባ በኋላም ቢሆን ወደ ሰሜን ለሚሄድ መንገደኛ በቅሎ ግድ ነበር። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሮዚታ ፎርብስ በ1917 ዓ.ም. ከፊልም አንሺዋ ጋር ወደ ላሊበላና ጎንደር የወጣችው በበቅሎ ነው።

አገዛዙ ታዲያ የዛሬውን ሞተር ግዢ ቁጭ ነው። ዕድሜዋን ለማወቅ ጥርሷን ማየት፣ ገጣባ እንዳይሆን ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን መዳበስ፣ አስሂዶ እርምጃዋን መመልከት። ሰጋሯ ለመቀመጫ፣ አጋሰሱ ለጭነት። ሻጩ ስለ ዘሯ ከተጠየቀ መልሱ ያው የተለመደው ነው፤ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ክፍያው በማርትሬዛ ብር። አገር የማያውቅ እንግዳ ዋጋ ቢጨመርበት ማን ይፈርዳል? አራዳ እኮ ነው!

ወረቀቱም አልቀረም። ከብቱ የሌባ እንዳይሆን ዋስ መጥራት ነበር፤ ይኸው ሊብሬ አትሉም? በየኬላው ለማለፍ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት የንጉሡ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያ ቪዛው ነው።

ልማዱ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆይቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ፣ በእኛ 1959 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቱን ትታ መቀሌ ላይ በቅሎ ይዛ ተራራውን ተያያዘችው። አገሩ የሚፈልገውን መጓጓዣ ከአገሬው መውሰድ፣ ብልሃቱ ይኸው ነው።

አራዳ የሚለው ቃል ለእኛ ብልጥ፣ ንቁ ሰው ማለት ነው። የቀድሞው አራዳ ግን የማያውቁትን እንግዳ በዋስ አስታጥቆ ረጅም መንገድ የሚሸኝ ገበያ ነበር። ምልክቱን ዛሬ ፈልገን አጣነው። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ፣ ብዙ የፒያሳ ልጅ ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል። ሰዉ ሲበተን የቦታው ወሬ አብሮ ይበተናል። በቅሎ የሚሸጠው በየትኛው ጥግ እንደነበር የሚያሳየን አላገኘንም።

ስለዚህ ለፈረንጁ ናይሮቢ ደርሰህ ግዛ እንለዋለን። ለእናንተ ግን ሌላ አደራ አለን። አራዳ የኖሩ አያት ካሏችሁ፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ዛሬውኑ ጠይቁልን። ነገ ማንን እንጠይቃለን?