የቮልስዋገን ፍሬንና የእድሳቱ ቅደም ተከተል

የአዲስ አበባ መሬት ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ያዘቀዝቃል፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶም በዚሁ ቁልቁለት ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። በሳሪስና በመካኒሳ መንገዶች አሮጌ ቮልስዋገን ቀለሙ ታድሶ፣ ጉልበቱ በበረታ ሞተር ተተክቶ ሲያልፍ ማየት ያስደስታል። ሆኖም ፍጥነት በሰዓት ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል 2.25 እጥፍ እንደሚሆን መዘንጋት አይገባም።

ፋብሪካው ራሱ ወደ መፍትሔው የደረሰው በየደረጃው ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. የኤክስፖርቱ ሞዴል ከሽቦ ፍሬን ወደ ዘይት ፍሬን ተሸጋገረ። በ1966 በአውሮፓ 1500 የተባለው ሞዴል ሲወጣ፣ ከሞተሩ ማደግ ጋር የፊት ዲስክ ፍሬን ተገጠመለት። ታምቡር ሲግል ሰፍቶ ከፍሬን ሸራው ይርቃልና፤ ዲስኩ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በ1970 ደግሞ 1302 የተባለው ሞዴል የማክፈርሰን አሞርዛተርና በሁለት መገጣጠሚያ የሚታጠፍ የኋላ አክስል ይዞ ቀረበ። የቀድሞው አክስል በፈጣን ኩርባ ላይ የኋላ ጎማውን ወደ ውስጥ እያጠፈ መኪናውን ለመገልበጥ ያጋልጥ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ፍሬን፣ ቀጥሎ አሞርዛተርና አክስል፣ በመጨረሻ ሞተር። የ1500 ዲስክ የተዘጋጀው ከ1965 ወዲህ ለመጣው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ የፊት አክስል ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ እንዳለ አይገጥምም። በግድ አመቻችቶ ማሰር ጥገና ሊባል አይችልም። የባለሙያ ክብር የሚለካው መኪናው በሚሮጥበት ፍጥነት ሳይሆን፣ ቁልቁለቱ ላይ ሕፃን ድንገት ሲያቋርጥ በሚቆምበት ርቀት ነው።