ስለ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች

ነፈሰ ከሚለው ግሥ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ተወልዷል፡፡ ነፋስ ከዚያ ነው፤ ነፍስም ከዚያ ነው፤ እስትንፋስም ዘመዳቸው ነው፡፡ አንድ ሰው «ተናፈሰ» ስንል ከቤቱ ወጥቶ ንጹሕ አየር ተቀበለ ማለታችን ነው፤ የሚናፈስበትንም ስፍራ መናፈሻ ብለን ጠርተነዋል፡፡ የአእምሮ ሐኪሞች ዛሬ ከቤት ውጪ የሚደረግ እንቅስቃሴ ድብርትንና ጭንቀትን ያቃልላል ብለው ይመክራሉ፡፡ ቋንቋችን ግን ነፍስንና ነፋስን ከጥንት ጀምሮ በአንድ ሥር ላይ አብቅሏቸዋል፡፡

ውድ አንባብያን፣ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ዛፍና ስለ አበባ መናፈሻ አይደለም፡፡ መናፈሻ ይሁን ተብሎ ስላልተሠራ፣ ሕዝብ ግን በእግሩ እየረገጠ መናፈሻ ስላደረገው ስፍራ ነው፤ ስለ መስቀል አደባባይና ስለ ረጃጅም ደረጃዎቹ፡፡

አደባባዩ ስሙን ያገኘው በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ከሚደመረው ደመራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፡፡ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ስሙ ተለውጦ «አብዮት አደባባይ» ተባለ፤ ስፍራውም እየሰፋ ሄዶ የሰልፍና የንግግር መድረክ ሆነ፡፡ መስከረም 2 በመጣ ቁጥር ሕዝቡ በየቀበሌው ተጠርቶ፣ መፈክር ተሸክሞ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውል ነበር፡፡ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት የሰባበሩት በዚሁ አደባባይ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተከተለ ለመናገር የእኔ ብዕር አይበቃም፤ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፡፡

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ግን የደረጃዎቹ ቅርጽ ነው፡፡ ወደ ደቡብ ወገን ብትመለከቱ እርከኖቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፈው፣ አንዱ ከሌላው በላይ እየተነባበሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፡፡ ይህ ቅርጽ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፡፡ ብዙ ሺሕ ሰው አንዱ የሌላውን ዓይን ሳይከልል ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ፣ ከአንድ አፍ የሚወጣውንም ቃል አብሮ እንዲሰማ የሚያደርግ ቅርጽ ነው፡፡ በእንዲህ ያለ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ የተዘረጋለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድረኩ፡፡

ሯጩ ምን አደረገ? ጎኑን ሰጠው፡፡ ወደ መድረኩ ፊቱን ሳያዞር ከእርከኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል፤ እዚያ ሲደርስ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣና ይመለሳል፤ እንደገና ወጥቶ እንደገና ይመለሳል፡፡ እንዲህ እየተጠማዘዘ እስከ ላይኛው እርከን ይደርሳል፡፡ ሕዝብን በአንድነት ለማቆም የሚያገለግለው ርዝመትና ስፋት ለአንድ ሯጭ የተለካ መም ሆኖ ተገኘ፡፡ ይህን ልማድ በአዋጅ ያስጀመረው ሰው የለም፡፡ ከታሪካችን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ የተካሄደው ትልቅ ድል ይህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም፡፡

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አደባባዩ የቀድሞ ስሙን መልሶ አገኘ፡፡ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ፤ 10,000 ሰው ተሳተፈ፤ አሸናፊውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ሩጫ የሻምፒዮኖች ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውም፣ የነጋዴውም፣ የአያቱም ሆነ፡፡ ይሁንና ታላቁ ሩጫ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ መመዝገቢያም ይከፈልበታል፡፡ ደረጃው ግን ሁልጊዜ ነው፤ በነጻም ነው፡፡

ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ወደዚያ የሚወጣውን ሰው ተመልከቱ፡፡ የክለብ ቱታ የለበሰው ወጣት አትሌት እንደ ሚዳቋ ያልፋል፡፡ ከኋላው ስኳርና ደም ብዛት አለብህ የተባለ ጎልማሳ እያለከለከ ይከተላል፡፡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት በሸራ ጫማ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ አጠገባቸው የሚያልፈው ሁሉ «እማማ፣ ይበርቱ!» ይላቸዋል፡፡ ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም፡፡ «በርታ»ና «አይዞህ» ብቻ በቂ ናቸው፡፡

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፡፡ በአገራችን ሰው «ልቤ ከብዶኛል» ብሎ በቀላሉ አይናገርም፡፡ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን ሲያድን ኖሯል፤ እኛ ግን ስሙን መሰዳደቢያ አደረግነው፡፡ በዚህም ምክንያት በሽታው ሳይሆን የሆስፒታሉ በር የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው፡፡ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ግን ማንም ምን ሆነህ ነው አይለውም፡፡ «ስፖርት ልሠራ ነው» ማለት ይበቃዋል፡፡ ይህች «ስፖርት» የምትባል ከባሕር ማዶ የመጣች ቃል ለስንቱ ሐዘንተኛ መሸፈኛ ጋቢ ሆናለች! ሩጫ ሕክምናን ይተካል እያልሁ አይደለም፤ ሐኪም የሚያስፈልገው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፡፡ ነገር ግን ከአልጋው መነሣት የከበደው ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚነሣበት ምክንያት ነው፡፡

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፡፡ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲቃረብ ቁጥሮች እስከ ሕልሜ ድረስ ይከተሉኛል፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እናቱ ባረፉ በሁለተኛው ወር እዚያ መሄድ ጀመረ፡፡ ምነው ብለው ቤት የሚመጣልህ ሰው ሳያንስህ አልሁት፡፡ «ቤት የሚመጣው ሁሉ ያጽናናኛል፤ እዚያ ማንም አያጽናናኝም፤ ለዚህ ነው የምሄደው» አለኝ፡፡ የለቅሶ ሥርዓታችን ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም፤ መልካም ነው፡፡ ደረጃው ደግሞ ሰውን ከሰው ሳይለይ ብቻውን ይተወዋል፡፡ የሁለቱን ልዩነት ከዚያ ሰው የተሻለ የነገረኝ መጽሐፍ እስካሁን አላነበብሁም፡፡

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፡፡ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት አደባባዩም ለአዲስ ግንባታ ተቆፈረ፡፡ ሰው ይበልጥ መናፈስ በሚያስፈልገው ጊዜ መናፈሻው ታጠረ ማለት ነው፡፡ ሯጩ ወደ አስፋልት ዳርና ወደ ሰፈሩ ኮረብታ ተበተነ፡፡ አደባባዩ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚያስቆም ማቆሚያ ይዞ ነበር፤ ከላይም አዲስ ንጣፍና መብራት፡፡ ደረጃዎቹ ግን አልቀሩም፤ ሯጮቹም ተመለሱ፡፡ መኪናው ከምድር በታች፣ ሰው ከምድር በላይ መሆናቸው ደግሞ ደስ ያሰኛል፡፡

ከዚያ አስቀድሞ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ዋና ዋና ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ሆነው ነበር፡፡ ሕፃናት በአስፋልቱ መካከል ኳስ ሲያንከባልሉ፣ አዛውንት በመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆመው ሲያወጉ ማየት ምንኛ ያምራል! ያ ሁሉ ምንም ወጪ አልጠየቀም፤ መኪናውን አስቁሞ ለሰው መንገድ መልቀቅ ብቻ ነበር፡፡

በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ መግቢያው ሲጀመር 200 ብር ነበር፡፡ ታሪክ ለማየት መክፈል አያስከፋኝም፤ ቤተ መንግሥት በየቀኑ አይጎበኝም፡፡ ነፍስ ግን በየቀኑ መናፈስ ትፈልጋለች፤ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰውም ለእስትንፋሱ በየማለዳው ቲኬት ሊቆርጥ አይችልም፡፡ ከተማችን እያማረች በሄደች ቁጥር አጥር፣ ጥበቃና ቲኬት የሌለበት ስፍራ እያነሰ እንዳይሄድ እሰጋለሁ፡፡ ስጋቴን የሚያበረታው ደረጃው በሕግ የሯጮች አለመሆኑ ነው፡፡ ትልቅ ዝግጅት ሲኖር ይዘጋል፤ ሲያልፍ ይከፈታል፡፡ የሚጠብቀው የተመላላሹ እግር ብቻ ነው፡፡

በአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፡፡ በውስጡ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፣ የሟቾች ፎቶግራፍና ልብስ ተቀምጧል፡፡ ብዙዎቹ ሲሞቱ ዛሬ በደረጃው ላይ ከሚሮጡት ወጣቶች ጋር እኩያ ነበሩ፡፡ ሙዚየሙ በሩን የሚከፍተው ሯጮቹ ላባቸውን ጠርገው ወደየሥራቸው ከሄዱ በኋላ ነው፡፡